ከመርካቶ ቦይ እስከ አባ ሳሙኤል፦ ሌሊት ወንዙን ማን ያየዋል?

ሐምሌ ነው እንበል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ቆማችኋል። ሰማዩ ጠቆረ። ነጋዴው ሸራውን ጎትቶ ዕቃውን ሸፈነ፤ ተሸካሚው ማዳበሪያውን ራሱ ላይ ደፋ፤ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚንዶቆዶቀው ውሃ በአንድ አፍታ መንገዱን ሞላው። የተቃጠለ ዘይት፣ የብረት ዝገት፣ የሳሙና አረፋ፣ የተረገጠ ጎመን፣ የጫት ገረባ፣ ፌስታል... ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ቦዩ ይዞት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ወጣች፤ ገበያውም ቀጠለ። መንገዱ የታጠበ መሰለ።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ያ ውሃ የት ሄደ?

«ጠፋ» ካላችሁ፣ አይደለም። ውሃ አይጠፋም። ከዓይናችን ይርቃል እንጂ መንገዱን ይቀጥላል፤ የያዘውንም ይዞ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ያንን መንገድ ስለመከተል ነው። በተለይ ደግሞ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ወንዙ ውስጥ የሚሆነውን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል እናያለን።

ውሃው የሚሄድበት መንገድ

የመርካቶ ቦዮች አካባቢውን ወደሚያቋርጡ ትናንሽ ወንዞች ይገባሉ። የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦና በዙሪያው ካሉ ከፍታዎች ተነስተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እየተቀላቀሉ ሄደው በመጨረሻ ሁለት ይሆናሉ፦ በምዕራብ በኩል ትንሹ አቃቂ፣ በምሥራቅ በኩል ትልቁ አቃቂ። ሁለቱም ከከተማዋ በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ይገባሉ። አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የነበረ ግድብ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በማመንጫነቱ ሳይሆን የከተማዋን ቆሻሻ ሁሉ በመቀበሉ ነው። ውሃውን የሸፈነው እምቦጭም ለዚህ ምስክር ነው።

ከአባ ሳሙኤል በኋላ ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ለየት ያለ ወንዝ ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባህር አይደርስም። አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ መውጫ የለም፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ እናንተን ምን አገባው? ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። በአቃቂ ወንዞች ዳር ለብዙ ዓመታት አትክልት ሲመረት ኖሯል፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። ገበሬው ማሳውን የሚያጠጣው በዚያው በወንዙ ውሃ ነው። ስለዚህ ሰኞ በቦይ ከገበያው የወጣ ነገር ሌላ ቀን በቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ገበያው ሊመለስ ይችላል። ከዚያም ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ሰሃን።

በዚህ ምክንያት «ወንዙ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የእራታችን ጥያቄ ነው።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ምን ይነግረናል?

ወንዝን ለመመርመር የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው። ባለሙያዋ ጠርሙስ ይዛ ትወርዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ በበረዶ ሳጥን አድርጋ ወደ ላቦራቶሪ ትወስዳለች። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ላቦራቶሪ ብዙ ነገር ማየት ይችላል። ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ የሚያሳየው የቀዳችበትን ደቂቃ ብቻ ነው።

እስቲ አስቡት። መርካቶን ጨርሶ የማያውቅ ሰው እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ አንስቶ «መርካቶ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ፎቶው ውሸት አይደለም። ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይነግረን ነበር።

ወንዝም እንደዚያው ነው። ባለሙያዋ በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ትቀዳለች እንበል። በዓመት 12 ጠርሙስ ይሆናል። ታዲያ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሚለቀቅ ፍሳሽ መቼ ይታያታል? ዝናቡ በጣለ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የሚያልፈው ጥቁር ውሃስ? ምንም እንኳ ሥራዋን በትጋት ብትሠራ 12ቱም ጠርሙሶች ሊያመልጧቸው ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ውሃው ውስጥ ታስሮ በየ15 ደቂቃው የሚለካ መሣሪያ አለን እንበል። በቀን 96 ጊዜ፣ በዓመት 35,040 ጊዜ ይለካል። አይተኛም፣ በዓል አያከብርም፣ ዝናብ አይፈራም። በ12 እና በ35,040 መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር፦ የሚለዋወጥን ነገር ለማወቅ አብሮት መቆየት ያስፈልጋል።

ሐሳቡ የመጣው ከባህር ዳርቻ ነው

መሣሪያን ውሃ ውስጥ አስሮ መተው በሰፊው ከተለመደባቸው ቦታዎች አንዱ ወንዝ ከባህር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እኛ አገር ባህር ስለሌለን እንዲህ ያለ የወንዝ አፍ አናውቅም፤ ግን ለምን ሳይንቲስቶችን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ቀላል ነው። ከላይ ጨው የሌለው የወንዝ ውሃ ይመጣል፤ ከታች ጨዋማው የባህር ውሃ ይገፋል። ጨዋማው ስለሚከብድ ከሥር ይሰርጋል፣ የወንዙ ከላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ላይ ባህሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በብዙ ቦታዎች በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ጠዋት የቀዳችሁት ውሃ የወንዝ ሊሆን ይችላል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ የምትቀዱት የባህር ነው። ታዲያ በአንድ ጠርሙስ ምን ይባላል?

አሜሪካ ውስጥ የወንዝ አፍ አካባቢዎችን የሚጠብቅ አገር አቀፍ ፕሮግራም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የውሃ ጥራት ሲመዘግብ ቆይቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ኤልክሆርን ስሉ በሚባል ረግረጋማ ቦታ የሞንትሬይ ቤይ አኳሪየም የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ናይትሬትን በየሰዓቱ የሚለኩ መሣሪያዎች አሰሩ። ናይትሬት ከማዳበሪያ የሚመጣ ንጥረ ነገር ነው፤ አካባቢው ደግሞ ሰላጣና እንጆሪ በብዛት የሚመረትበት የእርሻ ቦታ ነው። መሣሪያዎቹ ያሳዩት ነገር የሚገርም ነበር፦ ናይትሬቱ ከባህሩ መነሳትና መውረድ ጋር አብሮ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። አንድ ሰው በወር አንዴ ቢቀዳ ኖሮ የሚያገኘው ቁጥር በዕድሉ የሚወሰን ነበር።

እኛስ? አባ ሳሙኤል የእኛ የወንዝ አፍ ነው ማለት ይቻላል። ጨው የለውም፣ ማዕበልም የለውም፤ ግን እዚያም የሚሮጥ ውሃ የቆመ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነቱን ሲያጣ የተሸከመውን ጭቃ ይጥላል። ከላይኛው ውሃና ከሥረኛው ውሃ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። እኛ ጋ በጨረቃ ፋንታ ሰዓቱን የሚቆጥሩት ዝናብ፣ ፀሐይና የከተማው ኑሮ ናቸው።

መሣሪያውን በምን አለሽ ተራ ዕቃ እንሥራው

አንድ የታሰረ የውሃ መለኪያ አራት ነገሮች አሉት። ሴንሰሩን ትተን የቀረውን ምን አለሽ ተራ ገብተን መልቀም እንችላለን።

አንደኛው ተንሳፋፊው ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይበቃናል፤ ውስጡ አየር ስላለ አይሰምጥም። ሁለተኛው መልሕቁ ነው፤ ከሥር የሚቀመጥ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ ያረጀ የመኪና ቸርኬ። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ ወይም ሰንሰለት ነው። ርዝመቱ ከውሃው ጥልቀት በለጥ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ በክረምት ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይሰጥማል ወይም መልሕቁ ይነሳል።

አራተኛው ዋናው ነው፦ ሴንሰሮቹን፣ ባትሪውንና ትንሽ ኮምፒውተር የያዘው፣ ውሃ የማያስገባ ቱቦ። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል። ከላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ሲም ካርድ ከተጨመረለት ደግሞ እንደ ሞባይል መልእክት ቁጥሩን ወደ ቢሮ ይልካል።

ይህ አሠራር እንደ አባ ሳሙኤል ላለ የቆመ ውሃ ይስማማል። እንደ ትንሹ አቃቂ ላለ በክረምት ድንጋይ የሚያንከባልል ወንዝ ግን ጀሪካናችን አንድ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ በወንዝ ላይ የሚደረገው ሌላ ነው፦ ጎኑ የተበሳሳ ወፍራም የብረት ቱቦ ከድልድይ ምሰሶ ጋር ይታሰርና መሣሪያው እዚያ ውስጥ ይገባል። ውሃው በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ግንዱና ድንጋዩ ውጭ ይቀራሉ።

አምስት ቁጥሮች፣ አምስት ታሪኮች

መሣሪያው ውሃ ውስጥ ምን ይለካል? አብዛኛውን ጊዜ አምስት ነገሮች።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ላይ ይመሠረታሉ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። የፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወንዙ ይሞቃል።

ሁለተኛው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። የሚያስተላልፉት በውስጡ የሟሙ ጨዎች ናቸው። «ጨው» ስንል ግን የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፤ ከሳሙና፣ ከማዳበሪያ፣ ከሽንት፣ ከፋብሪካ የሚመጡትም አሉ። የዝናብ ውሃ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የባህር ውሃ ከተራ የወንዝ ውሃ በመቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ ይህ ቁጥር በድንገት ከፍ ካለ አንድ የገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፒኤች ነው፤ ውሃው ወደ አሲድ ወይስ ወደ አልካሊ ያደላል የሚለውን ይነግረናል። 7 መሐል ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ በረኪና ደግሞ 12 አካባቢ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ማለት 10 እጥፍ ነው። ከ7 ወደ 9 የሄደ ውሃ «ትንሽ» አልተለወጠም፤ 100 እጥፍ ተለውጧል። የቆዳ ፋብሪካ ፀጉርን ከቆዳ ለማላቀቅ ኖራ ይጠቀማል፤ ኖራ ደግሞ ፒኤችን ሽቅብ ይሰቅለዋል።

አራተኛው በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። የውሃው ትንፋሽ በሉት። እዚህ ላይ ከፍታችን የራሱ ጣጣ አለው። በባህር ዳርቻ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ በላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ውሃ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ብዙ ዓሦች በደንብ ለመኖር 5 ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የእኛ ወንዞች ገና ሳይቆሽሹ በጠባብ በጀት ነው የሚኖሩት። በዚያ ላይ የበሰበሰ አትክልትና የሽንት ቤት ፍሳሽ ሲገባ፣ ያንን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ወንዙ የሚሸተውም ኦክስጅኑ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይረከባሉ፤ እነሱ የሚያወጡት ጋዝ ነው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው።

ሴንሰሩ ይህን እንዴት ያውቃል? ዘዴው ያምራል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ የሚያበራ ቀለም ተቀብቷል። ኦክስጅን ሲነካው ያ ቀይ ብርሃን ይደክማል፣ ቶሎም ይጠፋል። ብዙ ኦክስጅን ካለ ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል፤ ከሌለ ይቆያል። ሴንሰሩ የሚቆጥረው ያንን ጊዜ ነው።

አምስተኛው ድፍርስነት ነው። መሣሪያው ብርሃን ወደ ውሃው ይልካል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ጭቃ መልሶ የሚበትነውን ብርሃን ይለካል። ጭራሽ የደፈረሰ ውሃ ብዙ ይበትናል።

ቁጥሮቹ ሲነጋገሩ

አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አምስቱ አብረው ሲታዩ ግን እንደ ምስክሮች ናቸው። ትንሹ አቃቂ ላይ መሣሪያ አለን ብለን ሦስት ሁኔታዎችን እናስብ። ቁጥሮቹ ከአንድ የተወሰነ ልኬት የተወሰዱ አይደሉም፤ ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው።

ሁኔታ አንድ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድፍርስነቱ በድንገት ይሰቀላል። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ ከዚያ ከነበረበት በታች ይወርዳል። ምን ሆነ? ዝናብ ነው። መጀመሪያ የመጣው መንገዱን ያጠበው ቆሻሻ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው የዝናቡ ንጹሕ ውሃ ወንዙን አቀጠነው። ያ የመጀመሪያው ጥቁር ውሃ ነው መግቢያችን ላይ ከምን አለሽ ተራ ሲሄድ ያየነው። በጠርሙስ ለመያዝ በጣም ከባድ ነው፤ ማን በዶፍ ዝናብ ወንዝ ዳር ይቆማል?

ሁኔታ ሁለት። ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፒኤች ከ7.5 ወደ 9.5 ይወጣል፤ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ይጨምራል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዝናብ እንዲህ አያደርግም። ከላይ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ፍሳሽ ለቋል። መሣሪያው «ማን?» ለሚለው መልስ የለውም፤ «መቼ?» ለሚለው ግን አለው። ከፍ ብሎ ሌላ ድልድይ ላይ ሁለተኛ መሣሪያ ካለና እሱ ምንም ካላየ፣ ፍሳሹ የገባው በሁለቱ ድልድዮች መካከል ነው። ፍለጋው ከመላው ወንዝ ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ጠበበ ማለት ነው።

ሁኔታ ሦስት። አባ ሳሙኤል፣ እምቦጩ ባልሸፈነው ጥግ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ ከፍተኛ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት እንደገና ከፍተኛ። ይህ የማንም ጥፋት አይመስልም፣ አይደል? ውሃው ውስጥ ያለው አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ እኛ ኦክስጅን ይጠቀማል። አልጌው የበዛው ደግሞ ከከተማው በመጣው ፍሳሽ «ጠግቦ» ነው። ባለሙያዋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ብትቀዳ «ኦክስጅን አለ፣ ደህና ነው» ልትል ትችላለች። ዓሣው ግን የሞተው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው።

ከሥር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ብርሃን የማይደርስበት የግድቡ ወለል ላይ ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ጭቃው ለዓመታት አፍኖ የያዘው ፎስፈረስና ብረት እንደገና ወደ ውሃው ይሟሟል። ለዚህ ነው በቆመ ውሃ ላይ አንዱን ሴንሰር ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ሥር ማሰር የሚመከረው።

የመሣሪያውም ችግር ብዙ ነው

እስካሁን ያወራነው መሣሪያው ፍጹም የሆነ ያህል ነው። አይደለም።

የመጀመሪያው ጠላቱ ሕይወት ራሱ ነው። ማንኛውንም ነገር በዚህ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን ብትተዉ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይይዘዋል፤ ባክቴሪያና አልጌ ነው። ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ የሚለካው ወንዙን ሳይሆን የራሱን ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ያለ ትንሽ ብሩሽ አላቸው፤ ከመለካታቸው በፊት ራሳቸውን ይጠርጋሉ። ሽፋኑ መዳብ ስለማይወድም ዙሪያቸውን በመዳብ ይከልሏቸዋል። መዳብ ደግሞ በኪሎ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ ሳጥንና ጥሩ ቁልፍ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሰፈሩ ሰው «ይህ የእኛ ነው» ብሎ እንዲጠብቀው ምን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። በርበሬ ስትገዙ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ክብደቱ የታወቀ የ1 ኪሎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ሚዛኑ 1 ኪሎ ካላለ ይስተካከላል። ሴንሰርም እንደዚያው ነው። ከጊዜ ጋር ይስታል። ስለዚህ ባለሙያዋ በየጥቂት ሳምንቱ መጥታ ፒኤቹ በትክክል 7 እንደሆነ በታወቀ ፈሳሽ ውስጥ ታጠልቀዋለች። 7.4 ካለ፣ ስህተቱን አርማ ትመልሰዋለች። ይህ ካልተደረገ 35,040 ቁጥሮች 35,040 ስህተቶች ይሆናሉ።

አያችሁ? መሣሪያው ባለሙያዋን ከሥራ አላስወጣትም። ሥራዋን ቀየረው እንጂ።

መሣሪያው የማያየው

አሁን ወደ ሰላጣችን እንመለስ። በትንሹ አቃቂ ዳር ለብዙ ዓመታት የቆዳ ፋብሪካዎች ሲሠሩ ኖረዋል። ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም የሚባል ብረት ይጠቀማሉ። እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ሌሎች ከባድ ብረቶችም ከልዩ ልዩ ቦታ ወደ ወንዝ ይገባሉ። እነዚህ ብረቶች አይበሰብሱም፤ አፈር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣሉ። ይህ አዲስ ስጋት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፍስሃ ኢታና በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላሉ ብረቶችና ስለሚያስከትሉት ጉዳት ጥናት ያሳተሙት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው።

አምስቱ ሴንሰሮቻችን ክሮሚየምን ያያሉ? አያዩም። ታይፎይድ የሚያመጣውን ባክቴሪያስ? እሱንም አያዩም። ለእነዚህ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ታዲያ ምን ይጠቅሙናል?

ጥቅማቸው ጠርሙሱ መቼ መሞላት እንዳለበት መንገራቸው ነው። በሁኔታ ሁለት ላይ ፒኤቹ ሲሰቀል፣ መሣሪያው ከጎኑ ላለ ትንሽ ፓምፕ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፓምፑ በዚያች ደቂቃ አንድ ጠርሙስ ይሞላል። ጠዋት ባለሙያዋ ትመጣና ያንን ጠርሙስ ይዛ ትሄዳለች። ክሮሚየሙ ካለ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሴንሰርና ላቦራቶሪ ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ ዘበኛ ነው፣ ሌላው መርማሪ።

ለገበሬውም የሚጠቅም ነገር አለ። «በወንዙ አታጠጣ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ሌላ ውሃ ከሌለውና ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ማሳ ከሆነ ምክር አይሆንም። ቁጥሩ በሞባይል ቢደርሰውና «ሌሊት የሆነ ነገር አልፏል፤ ዛሬ ፓምፑን አትክፈት» ቢለው ግን ቢያንስ አንዱን መጥፎ ቀን ያልፈዋል። ይህ ብረቱን ከአፈሩ አያወጣም፤ ችግሩንም ከምንጩ አይዘጋም። ግን ዕውቀቱ በጣም ወደሚፈልገው ሰው ደረሰ ማለት ነው።

የሚያምር ዳርና ንጹሕ ውሃ

በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳር ለማልማት የታቀደ ነው። ወንዝ ዳር መናፈሻ ማየት ደስ ይላል። ግን ዳሩ በዓይን ይታያል፤ የውሃውን ኬሚስትሪ ግን ዓይን አያይም። ውሃ ጠርቶ መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ደፍርሶም አፈር ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንዙ እየዳነ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የምናውቀው ኦክስጅኑ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስንት እንደሆነ ዓመት ከዓመት ስናነጻጽር ነው። «ዘንድሮ 0.5 ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ 4 ሆነ» ማለት ከቻልን፣ ያ ማስረጃ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ሞክሩት

ሴንሰር ባይኖራችሁም ፒኤች በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። መርካቶ ቅመም የሚሸጡበት ሄዳችሁ ትንሽ ካርካዴ ግዙ። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ቀዩን ውሃ አጥሉ፣ ይቀዝቅዝ። በሦስት ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቅዱ። በአንዱ ሎሚ ጭመቁበት፦ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በሁለተኛው የልብስ ሳሙና የሟሟበትን ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፦ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ መሄድ ይጀምራል። ሦስተኛውን ለማወዳደሪያ እንዳለ ተዉት። ከዚያ የቧንቧ ውሃና የጣሪያ ዝናብ ውሃ በካርካዴው ሞክሩና አወዳድሩ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የሞከራችሁበትን አትጠጡ፤ ለሙከራ ብላችሁ ደግሞ ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ እንዳትገቡ፣ በተለይ በክረምት።

አንዴ ከሞከራችሁ በኋላ ግን ነገ ጠዋት ደግማችሁ ሞክሩ። ከነገ ወዲያም። ዝናብ ሲጥል የመጀመሪያውን ውሃ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሌላውን። ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። አንድ ሳምንት ስትሞሉ በእጃችሁ ያለው አንድ ቀለም አይሆንም፤ ውሃው ከጣሪያችሁ ላይ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ ታሪክ ይሆናል። ሳይንቲስቶቹ ወንዝ ውስጥ መሣሪያ አስረው የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።